የምርምር ገንዘብ ፍለጋ ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ይጀምራል

በጥር 2017 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት በሚገኝ ገንዘብ ምርምር ያካሂዱ የነበሩ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አጭር መልእክት በኢሜይል ደረሳቸው። ሥራ አቁሙ ይላል። መስክ የወጣው መረጃ ሰብሳቢ ይመለስ፣ ሊገዛ የታሰበው ዕቃ ይቅር፣ ከዛሬ ወዲያ የሚከፈል ደመወዝ አይታሰብ። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጥር 12 ቀን ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲገታ ማዘዛቸው ነበር የነገሩ መነሻ። ዘጠና ቀኑ ሳይሞላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ዩኤስኤአይዲ ከተባለው የአሜሪካ የልማት ዕርዳታ ድርጅት ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን ተናገሩ፤ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ሥራውን አቆመ። ፊድ ዘ ፊውቸር በሚለው መርሐ ግብር ሥር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይመሩ ከነበሩት የግብርና ምርምር ፕሮግራሞች አብዛኞቹ አብረው ተዘጉ። ከእነዚህ አንዱ፣ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የእንስሳት ሀብት ምርምር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ነው።

ሚያዝያ 23 ቀን ደግሞ በዜና ብዙም ያልተወራለት፣ ለዩኒቨርሲቲዎች ግን ከዚህ የማይተናነስ ውሳኔ ተሰማ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በአጭሩ ኤን አይ ኤች፣ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሚሰጥ የምርምር ድጋፍ፣ ማለትም ግራንት፣ ሥር ሆኖ ወደ ውጭ አገር ተቋም የሚተላለፍ ንዑስ ውል ከእንግዲህ አልፈቅድም አለ። ከሩቅ ለሚያየው ሰው የሒሳብ አያያዝ ጉዳይ ይመስላል። እኛ አገር ግን የጤና ምርምር የተለመደው መንገድ ይኸው ነበር። ገንዘቡ በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ስም ይሰጣል፤ ዋና ተመራማሪው እዚያ ይቀመጣል፤ የኢትዮጵያው ዩኒቨርሲቲ ሕሙማን መዝግቦ፣ ናሙና ሰብስቦ፣ ድርሻውን በንዑስ ውል ይቀበላል። ማመልከቻውን የሚያስገባውም፣ ሪፖርቱን የሚያቀርበውም፣ ከሰጪው ጋር የሚነጋገረውም ሌላ ሰው ነው። ታዝለን ነበር የምንሄደው ማለት ነው፤ የታዘለ ደግሞ መንገዱ አይታወቀውም። በአዲሱ አሠራር የውጭው ተቋም ድርሻ ከዋናው ግራንት ጋር ቢያያዝም ሰጪው ለብቻው የሚከታተለው፣ የራሱ መለያ ያለው ገንዘብ ይሆናል። ወርዶ በእግር መሄድ መጣ።

አሜሪካን ብቻ ወቅሶ ማለፍም አይቻልም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የልማት ዕርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ስታወርድ፣ ዩኬአርአይ የተባለው የምርምር ገንዘብ ሰጪ ተቋሟ የ120 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ገጥሞት በመካሄድ ላይ የነበሩ ፕሮጀክቶችን ሳይቀር ቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ2027 ዕርዳታው ወደ 0.3 በመቶ እንደሚወርድም ተነግሯል። ስዊድንም ብትሆን፣ የብዙ መምህራኖቻችን የዶክትሬት ትምህርት ባለውለታ የሆነችው ስዊድን፣ የምርምር ምክር ቤቷ ለልማት ነክ ጥናቶች ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2023 በድንገት አቋርጣለች።

ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ክፍሉ ኮሪደር የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሌላ ሰጪ የት አለ? ለዓመታት ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ከዚያም በላይ የሌሎችን ማመልከቻ በገምጋሚነት አንብቤያለሁ። የተረዳሁትን በአጭሩ ልናገር። ሰጪ አለ። ድሮም እጥረቱ የሰጪ ብቻ አልነበረም። እኛ ፍለጋ የምንጀምረው ሰጪው አመልክቱ ብሎ ጥሪ ሲያወጣ ነው፤ ገንዘቡ የሚያገኛቸው ግን ከጥሪው ሁለትና ሦስት ዓመት አስቀድመው የተዘጋጁትን ነው።

ቡታጅራና እንዶድ

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ከውልደቱ ጀምሮ የውጭ ገንዘብ ያየ ነው። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ በኦክላሆማ መምህራን እጅ የተጀመረ የግብርና ኮሌጅ ነበር። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ ከጎኑ ነበሩ። ስለዚህ የውጭ ገንዘብ መቀበልን እንደ አዲስ ውርደት የሚቆጥር ክርክር አይገባኝም። መታየት ያለበት በገንዘቡ ምን ተተከለ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ከማውቃቸው ሁሉ የቡታጅራን ያህል የሚያስተምር ታሪክ አላገኘሁም።

እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ሰዎች ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በቡታጅራ ዙሪያ አሥር ቀበሌዎችን መረጡ፤ ዘጠኙ የገጠር፣ አንዱ የከተማ። ቤቶቹን ሁሉ ቆጠሩ። ከዚያ በኋላ የተወለደን፣ የሞተን፣ የመጣንና የሄደን መመዝገብ ያዙ። ገንዘቡ የስዊድን ነው። ሥራው ግን ሲያዩት አሰልቺ ነበር፤ ቤት ለቤት እየዞሩ መጻፍ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ እንደገና መጻፍ። ለመጽሔት የሚሆን ግኝት በአንድ ዓመት አይወጣበትም። መዝገቡ ግን ሳይቋረጥ ቀጠለ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም በገጠር ለማጥናት የፈለገ ሰው ሲነሳ፣ ማን የት እንደሚኖር የሚታወቅበት፣ ከዓመት ዓመት ተመልሶ የሚገኝ ሕዝብ ቡታጅራ ላይ አለ። በሌላ የአፍሪካ ገጠር ከባዶ መጀመር የሚጠይቀው ሥራ እዚህ አልቋል። የአእምሮ ጤና ምርምሩ ገንዘብ መጣ፤ ከዚያም ሌላ ጥናት፣ ሌላ ተማሪ፣ ሌላ ሰጪ። ገንዘቡ መዝገቡን ተከትሎ ሄደ ማለት ይቻላል።

ሌላው ታሪክ የእንዶድ ነው፤ እሱ ደግሞ ያናድዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር፣ ከመታጠቢያው በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተሸክመው የሚያራቡት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንደ ሳሙና ከሚታጠብበት ፍሬ የበሽታ መከላከያ ተገኘ ማለት ነው። ተመራማሪ አለ፣ ተክሉ በየጓሮው አለ፣ ጥያቄውም የአገር ነው። የጎደለው፣ ዓለም አቀፍ ተቋማት የሚያምኑት የመርዛማነት ምርመራ በታወቀ ቤተ ሙከራ ተሠርቶ እንዲቀርብ የሚያስችል ገንዘብ ብቻ ነበር። ያን ገንዘብ ያወጣው አይዲአርሲ የተባለው የካናዳ የምርምር ድጋፍ ተቋም ነው፤ ያም የሆነው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። በአገር ቤት ያንን ምርመራ ሊያስጀምር የሚችል አንድ የምርምር ፈንድ ቢኖር ኖሮ ሃያው ዓመት ስንት ይሆን ነበር እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ።

የአገር ቤቱ ካዝና

ያ ፈንድ ዛሬም የለም፤ በሚገባው ቁመና ማለቴ ነው። የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምርና ልማት ለማዋል ከተስማሙ ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞላ ነው። ዩኔስኮ ለኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሰፈረው አኃዝ 0.27 በመቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ግን 0.6 ደርሶ ነበር። የሚገርመው፣ ስታቲስቲከኞች ይህንን ወጪ የሚጠሩበት የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ከሕዳሴ ግድባችን የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል፣ GERD፣ ጋር አንድ ነው። አንዱን በቦንድና በመዋጮ ገንብተን አስመርቀነዋል። የሌላው ስም እንኳ ከምርምር ቢሮዎች ግድግዳ አልፎ አልተሰማም።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕግ ብሔራዊ የምርምር ፈንድ አቋቁማለች፤ የሚመደበው ገንዘብ ሕጉ ወዳለው ልክ ባይደርስም ተመራማሪው የሚያንኳኳው በር ግን አለው። እኛ ዘንድ የሚንኳኳው በር ተመራማሪው እንዳለበት ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ገንዘብ የማምጣቱም ሸክም በዚያው ልክ ወደ ራሱ ዞሯል። አዲስ አበባን ጨምሮ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቐለና አርባ ምንጭ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተለይተዋል። ስያሜው ጥሩ ነው። ከስያሜው ጋር ምን ያህል በጀት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በስብሰባ ላይ አይወደድም።

ዩኒቨርሲቲዎች ከመደበኛ በጀታቸው ለመምህራን የሚያድሉት የምርምር ገንዘብ መኖሩ አይካድም። ጀማሪ መምህር መጀመሪያ ሊያመለክት የሚገባውም እዚያው ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ወስዶ በሰዓቱ ጨርሶ ሪፖርት ማቅረብ ለቀጣዩ ማመልከቻ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል። ይሁንና ሁለት ነገሮች ይህን ገንዘብ ይበሉታል። አንደኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ፕሮፖዛል ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ፣ ገንዘቡ ሲለቀቅ ዓመቱ ተጋምሷል። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ግዢው ሲፈጸም ሰኔ ደርሷል፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል። ዝናብ ጠብቆ የሚዘራ የሰብል ተመራማሪ በዚህ አቆጣጠር እንዴት ይሥራ? ሁለተኛው የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት 300,000 ብር የተፈቀደለት ተመራማሪ ነበረ እንበል፤ ከ5,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ኬሚካል አስቦ የነበረው ሰው 3,000 ዶላር እንኳ አልሞላልህ አለው። ፕሮፖዛሉ አልተቀየረ፣ ብሩም አልተቀነሰ፤ ምርምሩ ግን በግማሽ ጠበበ።

ሰጪውን ማወቅ

ወደ ውጭ ሰጪዎች ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ይሰጣሉ መሆኑ ቀርቶ ገንዘባቸው ከየት ይመጣል ቢሆን ይሻላል። በየዓመቱ በፓርላማ የሚጸድቅ በጀት ያለው ሰጪ ምርጫ በተካሄደ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ያለፉት ዓመታት ያሳዩን ይህንን ነው። የራሱ ሀብት ያለው ድርጅት ሌላ ነው። ዌልካም የተባለው የለንደን የጤና ምርምር ድጋፍ ድርጅት ከራሱ ኢንቨስትመንት በሚያገኘው ገንዘብ በአሥር ዓመት 16 ቢሊዮን ፓውንድ ለማውጣት ያቀደ ሲሆን ከብዙዎቹ ጥሪዎቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ተቋማት በዋና አመልካችነት ይገባሉ። ቢል ጌትስ ደግሞ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆመው ፋውንዴሽናቸው በ20 ዓመት ከሚያወጣው 200 ቢሊዮን ዶላር አብዛኛው ለአፍሪካ እንደሚውል ተናግረዋል። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. በ2045 መጨረሻ እንደሚዘጋም የታወቀ ነው። ይህ ዓይነቱ ገንዘብ ከምርጫ ውጤት ነፃ ቢሆንም ከባለቤቱ ፍላጎት ነፃ አይደለም። ሰጪው ወባ ሲል አገሩ ሁሉ ወባ ይሆናል፤ ስለ ማሳ ድንበር ክርክር ወይም ስለ ግዕዝ ብራና ሊያጠና የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ።

የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን ዩሮፕ ሦስተኛ ዓይነት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2027 የሚዘልቅ፣ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበለት መርሐ ግብር ነው። ኢትዮጵያ በመርሐ ግብሩ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች መካከል ስለሆነች ተቋሞቻችን ያለ ልዩ ፈቃድ ገንዘብ መቀበል ይችላሉ። ይህን የማያውቁ፣ ነገሩ የአውሮፓውያን ብቻ የሚመስላቸው ባልደረቦች ብዙ ናቸው። ችግሩ አብዛኛው ጥሪ ቢያንስ ከሦስት አገሮች የተውጣጡ የአውሮፓ ተቋማት ያሉበት ቡድን መጠየቁ ነው፤ ብቻውን የሚገባ የለም። ቡድኑ የሚዋቀረው ደግሞ ጥሪው ከመከፈቱ በፊት ነው። የሥራ መርሐ ግብሩ አስቀድሞ ስለሚታተም፣ አስተባባሪዎቹ ጥሪው ሲከፈት አጋር መርጠው ጨርሰዋል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለማያውቁት ፕሮፌሰር አጋር ያድርጉኝ ብሎ የሚጻፍ ኢሜይል መልስ ካላገኘ ሊገርመን አይገባም።

ታዲያ ማንን ነው የምናውቀው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ ዘዴ አለ። የጥሪ ማስታወቂያ ከማሳደድ ይልቅ እስከ ዛሬ የተሰጠውን ማንበብ። የአውሮፓ ኅብረት የሰጣቸው ፕሮጀክቶች ኮርዲስ በሚባል የመረጃ ቋት ተመዝግበዋል፤ የኤን አይ ኤች ሪፖርተር በሚባለው፣ የብሪታንያ ጌትዌይ ቱ ሪሰርች በሚባለው ይገኛሉ። ሁሉም ለማንም ክፍት ናቸው፤ ክፍያ የላቸውም። የፍለጋ ሳጥኑ ላይ ኢትዮጵያ ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። ማን፣ በምን ርዕስ፣ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በስንት ገንዘብ፣ እስከ መቼ የሚለው ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት የሚያልቅ ፕሮጀክት ያለው አስተባባሪ አሁን ስለሚቀጥለው እያሰበ ነው፤ ለእሱ የሚጻፍ ደብዳቤ ሥራውን ያነበበ ሰው ደብዳቤ ከሆነ ይነበባል። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚወስድ ሥራ ነው። በሥልጠናዎች ላይ ይህን ሳሳይ ታዳሚው የሚጠይቀኝ ግን የሰጪዎች ዝርዝር ያለበት ፋይል እንድሰጠው ነው፤ ፋይሉ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ እዚያው ይቀራል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ፍለጋ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ የሰጪውን ቋንቋም የቡታጅራን ጭቃም የሚያውቁ ናቸው። ብቻ ነገሩ በዘመድ አዝማድ መልክ ከተያዘ ታዝሎ መሄዱ በሌላ አንቀልባ ይቀጥላል። አገር ቤት ያለው ሰው ጥያቄውን ይዞ ካልቀረበ ዳያስፖራው ራሱ ከእጁ ያለውን ጥያቄ ይሰጠዋል፤ እሱስ ምን ያድርግ?

ለሴት ተመራማሪዎች መቀመጫውን ጣሊያን ትሪየስቴ ያደረገው ኦደብሊውኤስዲ የተባለው የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የዶክትሬት ትምህርትና እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የጀማሪ ተመራማሪ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። በናይሮቢ የተቋቋመው ሳይንስ ፎር አፍሪካ ፋውንዴሽንም ቀድሞ ከለንደን በቀጥታ ይመጣ የነበረውን ገንዘብ ከአኅጉሩ ሆኖ ያከፋፍላል። ማመልከቻ ለማስገባት ክፈሉ የሚል ማንኛውም ጥሪ ግን ማጭበርበር ነው፤ የታወቀ ሰጪ ከአመልካች ገንዘብ ሲጠይቅ አላየሁም።

ስለ ማመልከቻው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔ ዘንድ ከመጡት መካከል እጅግ ብዙዎቹ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው። ከዚያ የሕዝቡ ቁጥር፣ ከዚያ የድህነቱ መጠን፣ ከዚያ የአየር ንብረት ለውጥ። አራተኛው ገጽ ላይ ጸሐፊው ማወቅ የሚፈልገው ነገር ብቅ ይላል፤ ያውም ብቅ ካለ። የመመረቂያ ጽሑፍ አጻጻፍ ያስተማረን ልማድ ይመስለኛል፤ ችግሩን በመዘርዘር የገንዘቡን አስፈላጊነት እናሳያለን እንላለን። ገምጋሚው ግን ችግሩ እንዳለ አይጠራጠርም። እሱ የሚፈልገው፣ ይህ ሰው ሌላው የማያውቀውን ምን ያውቃል፣ ሌላው የማይደርስበት ምን አለው የሚለውን ነው። የቡታጅራ ሰዎች በመጀመሪያው አንቀጽ የሚጽፉት ነበራቸው፤ መዝገብ አለን።

በሩን የሚከፍተው ማን ነው

ከሁሉም በላይ ግን ማመልከቻዎቻችን የሚወድቁት ሳይነበቡ ነው። ሰጪው ገንዘብ የሚልከው ለመምህሩ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በሰጪው መዝገብ ላይ በሕይወት መኖር አለበት። ለአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ ተቋሙ ሳም በሚባለው ሥርዓት ተመዝግቦ 12 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት መለያ ማግኘት አለበት፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተቋም ሌላ ተጨማሪ ኮድም ያስፈልገዋል። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ ይዘጋል። ለአውሮፓው ባለ ዘጠኝ አኃዝ የተሳታፊ መለያ ቁጥር አለ። አዲሱ የኤን አይ ኤች አሠራር የሚያስከትለው ይህንን ነው፤ በንዑስ ውል ዘመን አሜሪካዊው አጋር ይሸከመው የነበረው ወረቀት ሁሉ አሁን ጅማና ጎንደር ጠረጴዛ ላይ ነው።

ወረቀቱን የሚሠራው ሰውስ ከምን ይከፈለዋል? ሰጪዎች ለዚህ ብለው ከቀጥታ ወጪው በላይ ለተቋሙ አስተዳደር የሚተዉት ድርሻ አለ፤ ኦቨርሄድ የምንለው። ሆራይዘን ዩሮፕ ከቀጥታ ወጪው 25 በመቶ ይሰጣል። ኤን አይ ኤች ለውጭ ተቋማት ሲሰጥ የቆየው 8 በመቶ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ ወደ 15 በመቶ ይውረድ ሲባል፣ በዚህ ገንዘብ ቤተ ሙከራ ማስተዳደር አይቻልም ብለው ፍርድ ቤት ሄደው አሳግደዋል። እኛ በ8 ስናስተዳድር ኖረናል፤ አስተዳድረናል ከተባለ። ያችው 8 በመቶም ብትሆን በብዙ ቦታ ወደ ጠቅላላው ካዝና ገብታ ትጠፋለች እንጂ የግራንት ባለሙያ አትቀጥርም። መምህሩ ራሱ አመልካች፣ ራሱ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ራሱ ግዢ ተከታታይ ይሆናል፤ ሌሊት ደግሞ ተመራማሪ።

ፈቃዶቹም አሉ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያያል፤ እንደ ጥናቱ ዓይነት ብሔራዊው ኮሚቴ ያያል፤ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይጨመራል። የዕፅዋት ወይም የሌላ ሕይወታዊ ሀብት ናሙና ከሆነ በ1998 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 482 መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ተቋም ጋር ስምምነት ያስፈልጋል። ፈቃዶቹ አላስፈላጊ ናቸው የምል ሰው አይደለሁም፤ የእንዶድና የጤፍ አገር ሰው ይህን ሊል አይችልም። ሰጪው ግን ሦስት ዓመት የሰጠው ምርምር የመጀመሪያ ዓመቱን በማኅተም ፍለጋ ሲጨርስ ያያል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያስታውሰዋል።

ባለፈው መስከረም አንዲት ወጣት መምህርት ቢሮዬ መጣች። ጥያቄዋ የጠራ፣ መረጃዋ ለሦስት ክረምት በራሷ ወጪ የተሰበሰበ ነበር፤ በውጭ አገር የምታውቀው ተመራማሪም ለማመልከት ፈቃደኛ ሆኖላታል። «ጋሼ፣ ምን ይቀረኛል?» አለችኝ። የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ምዝገባ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቂ አልኋት። በሳምንቱ ተመለሰች። ምዝገባው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለማደስ መግባት ያስፈልጋል፤ መግቢያው የተከፈተው በአንድ የቀድሞ ባልደረባ የግል ኢሜይል ነው። እሱ ካናዳ ከሄደ ቆይቷል። ስልኩን ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት፤ ደወለችለት፤ ደግ ሰው ነው፣ ወዲያው ሊረዳት ተነሳ። የይለፍ ቃሉን ግን ረስቶታል።